ሊቀ ሪሞት ዳኛቸው እና «ግቡ» የተባለው መስመር

ጋሽ ዳኛቸው መቼ ነው የሚተኙት?

ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ግድግዳ እንጋራ ስለነበር የማውቅ ይመስላቸዋል። አላውቅም። እኔ ሌሊት ማንበብ የለመደብኝ ሰው ነኝ፤ መጽሐፌን ከድኜ መብራት ሳጠፋ የእሳቸው ቴሌቪዥን ከግድግዳው ወዲያ ያወራል፤ ጠዋት ለሥራ ስነሳም ያወራል። በመሃል ሳል እሰማለሁ። ባትሪው የደከመ ሪሞት በመዳፍ ሲመታ እሰማለሁ። ማንኮራፋት ግን እዚያ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሰምቼ አላውቅም። ባለቤታቸው እትዬ አያልነሽም መልሱን አያውቁትም፤ እንግልውድ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ናቸው። «ስወጣ ተቀምጦ ነው፣ ስመለስም ተቀምጦ ነው። በመሃል ያለውን እግዜር ይወቀው» ይላሉ።

የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርበት አፓርታማ ሁሉ ቴሌቪዥኑ የማይጠፋ አንድ ቤት አለ። የዴንቨር ጎረቤት በሆነችው ኦሮራ ውስጥ እንዲህ ያለው ቤት እንደ ልብስ ማጠቢያው ክፍልና እንደ እሳት ማጥፊያው የሕንፃው አካል ነው፤ የሚገርመው የኪራይ ውሉ ላይ አለመጻፉ ብቻ ነው። የቤቱ ጌታ ስድሳን ያለፈ፣ ሸበጡን በካልሲ የሚያደርግ፣ በሩ ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ «ግቡ!» የሚል ሰው ነው። የሚመጣው ሁሉ ቴሌቪዥን ሊያይ ነው የሚመጣው። ቢያንስ ባለቤቱ እንዲህ ያምናል።

ከሀቫና መንገድ ገባ ብሎ ባለው ባለሦስት ፎቅ ቀይ ጡብ ሕንፃ ይህን ሥልጣን የያዙት ጋሽ ዳኛቸው ነበሩ። እኔና ላይኛው ፎቅ የሚኖረው ጓደኛዬ እንዳሻው ተማክረን «ሊቀ ሪሞት» ብለን ሾመናቸዋል። ሹመቱ ጆሯቸው ሲደርስ «ደመወዝ አለው?» አሉ። የለውም ስንላቸው «እንግዲያው እውነተኛ ሹመት ነው» ብለው ተቀበሉ።

ሪሞቱ ከእጃቸው አይወጣም። ሲበሉ በግራ እጅ ይያዛል፤ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ የሸሚዝ ኪስ ይገባል። ዜና ያለ እሳቸው አይነበብም። አንባቢዋ «በተያያዘ ዜና» ስትል ምኑ ከምን እንደሚያያዝ ቀድመው ይነግሩናል፤ እሷ ሌላ ነገር ካለች «ተሳስታለች፣ ማታ ታርመዋለች» ይላሉ። ፊልም ሲጀመር ማን እንደሚሞት ያውቃሉ። ሰውየው ሳይሞት ከቀረ ጥፋቱ የፊልሙ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንዲት አባባል ነበረቻቸው። አንድ ቀን ስገባ ሳሎኑ ባዶ ሆኖ ቴሌቪዥኑ ብቻውን ይጮሃል። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ከማድ ቤት ድምፃቸው መጣ።

«ተወው! ሰው እያየው ነው።»

«ማን ጋሼ? ማንም የለም እኮ።»

«ይመጣል።»

እውነትም ይመጣ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ የወጣውም፣ ሥራ የሚገባውም፣ ሥራ የሌለውም ይመጣል። ሶፋው ሞልቶ ምንጣፉ ይሞላል፤ የዘገየ በር ላይ ይቆማል። ልጆች ካርቱን ይለምናሉ፤ ሊቀ ሪሞት «ከዜና በኋላ» ይላሉ፤ ዜና ደግሞ አያልቅም። ከታችኛው ፎቅ የሚኖር አንድ የኔፓል ሰው ሳይቀር ሻዩን በራሱ ኩባያ ይዞ ይመጣ ነበር። አንድ ቃል አማርኛ ሳይሰማ ከሁላችን ቀድሞ ይስቃል።

ኢንተርኔቱም የእሳቸው ነበር፤ ማለቴ የሁላችንም ነበር። መስመሩ የገባ ዕለት ዕቃውን የገጣጠመላቸው እንዳሻው ነው። «ጋሼ፣ ስሙን ማን ልበለው?» ብሎ ሲጠይቅ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ዳኛቸው እንደ ልማዳቸው «ግቡ!» አሉ። እንዳሻው በእንግሊዝኛ ፊደል «ግቡ» ብሎ ጻፈው፤ እንዲያው ቀረ። ፓስወርዱ ድሮ አዲስ አበባ ይነዷት የነበረችው ታክሲ ታርጋ ነው። ሕንፃው ውስጥ የራሱን ስልክ ቁጥር የማያስታውስ ሰው ነበር፤ የጋሽ ዳኛቸውን ታርጋ የማያውቅ ግን አልነበረም። እኔ ያኔ ያነበብኳቸውን መጻሕፍት ግማሹን ያወረድኳቸው በዚያ መስመር ነው። ሊከፍሉ ለጠየቋቸው ሁሉ «ሬዲዮ ሰማችሁ ብዬ አስከፍላለሁ እንዴ?» ይሉ ነበር።

አገልግሎታቸውም ቀላል አልነበረም። አንድ የግንቦት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ የአየር ሁኔታው ካርታ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም አዩ። በሸበጥ ወጥተው በሩን ሁሉ አንኳኩ። «በረዶ ነው! የድንጋይ ያህል በረዶ! መኪና አንሱ!» ከሕንፃው ግማሹ ሰው ኤርፖርት የሚመላለስ ሾፌር ነው፤ መኪናው ከተሰበረ እንጀራው ተሰበረ። ሁሉም እየሮጠ ጣራ ያለው ፓርኪንግ ፍለጋ ሄደ። ወርቁ የሚባል ጎረቤታችን ብቻ «ፀሐይ እያየሁ?» ብሎ ሳቀ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የወርቁ መኪና መስታወት የተፈጨ ጨው መሰለ። ጋሽ ዳኛቸው አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገሩትም። ነገር ግን ለሁለት ዓመት ያህል ወርቁ በገባ ቁጥር ዝም ብለው የአየር ሁኔታ ቻናል ላይ ያደርጉት ነበር።

እኚህ ሰው እንግዲህ ከሰሩ።

ነገሩ በሊሞ ነው የጀመረው። ከኤርፖርቱ ፓርኪንግ ሥራ ጡረታ ሲወጡ አንድ ረጅም ጥቁር መኪና በብድር ገዙ። ሙሽራ ሊያመላልሱበት ነበር። ሙሽሮቹ ግን ቁጥራቸውም አነሰ፣ በስልክ ታክሲ መጥራትም ጀመሩ። መኪናው ሲወሰድ ልባቸው ታመመ፤ ልባቸው ሲጠገን ሆስፒታሉ ቢል ላከ። የሕመሙ ስም አንድ ገጽ፣ የቢሉ ብዙ ገጽ ነበር። በመጨረሻ ባንክራፕሲ የሚሉትን፣ ከስሬያለሁ ብሎ በፍርድ ቤት ዕዳ ማሰረዝን፣ ሊጠይቁ ዴንቨር መሐል ከተማ ወዳለች ሔርሜላ የምትባል ወጣት ጠበቃ ሄዱ። ሔርሜላ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋን ከእናቷ፣ ሕጉን ከዩኒቨርሲቲ ነው የተማረችው። ጋሽ ዳኛቸው ከልባቸው ሕመም በኋላ መንዳት ስለተከለከሉ የነዳሁት እኔ ነኝ። ሙሉ ልብስና ከረባት ለብሰው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ «ሊሞ ላይ ደንበኛ ከፊት አይቀመጥም» አሉ።

«ኦኬ ጋሼ» አለች ሔርሜላ። «ሆስፒታሉ፣ ሊሞው፣ ክሬዲት ካርዶቹ፣ ሁሉም ገብቷል። ጥያቄ አለዎት?»

«አንድ።»

«ሹር፣ ይጠይቁ።»

«ቲቪው ምን ይሆናል?»

ሔርሜላ እኔን አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

«ጋሼ፣ ሌላው ሰው ቤቴስ፣ መኪናዬስ፣ ባንኬስ ነው የሚለኝ።»

«ቤቱ ኪራይ ነው። መኪናው ሄዷል። ባንኩ ባዶ ነው። ቲቪው ግን አለ። ቲቪውና መስመሩ።»

ብዕሯን አስቀምጣ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። ቴሌቪዥኑ ያገለገለ የቤት ዕቃ ነው፤ ሕጉ ለባለቤቱ ይተወዋል። «ደግሞ ጋሼ፣ አይ ሚን፣ ማንም አይፈልገውም።» መስመሩ ግን ሌላ ነው። መብራትና ጋዝ ቢሆን በባንክራፕሲ ጊዜ ድርጅቱ ዝም ብሎ ተነሥቶ መቁረጥ አይችልም። ኬብልና ኢንተርኔት ግን ብዙውን ጊዜ እንደ መብራት አይቆጠሩም። ያልተከፈለው የድሮ ቢል ከሌላው ዕዳ ጋር ይገባል፤ ከአሁን ወዲያ ያለውን በየወሩ ከከፈሉ ዝም ሊሏቸው ይችላሉ። ሊቆርጡም ይችላሉ። ከቆረጡ ሁሉም ነገር ሲያልቅ ዲፖዚት አስይዘው እንደ አዲስ ደንበኛ ይመለሳሉ። «ቢግ ዲል አይደለም ጋሼ።»

ስንመለስ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በመስኮቱ ሱቆቹን እያዩ ብዙ መንገድ ሄዱ።

«ማንም አይፈልገውም አለች» አሉ በመጨረሻ።

«ለጥቅምዎ ብላ ነው እኮ ጋሼ።»

«ሃምሳ አምስት ኢንች ነው።» ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስታወቱ የሚናገሩ ይመስል፣ «መስመሩ ከተቆረጠ ማን ይመጣል?» አሉ።

ለዚህም አንድ መላ ነበራቸው፤ መላው ከዚህ አገር ሕግ ሳይሆን ከአባታቸው ቤት የመጣ ነው። ልጅ ሳሉ፣ በለውጡ ዘመን፣ የቀበሌ ሰዎች የቤታቸውን ዕቃ ሊመዘግቡ ይመጣሉ ተባለ። አባታቸው ሬዲዮኑን በፎጣ ጠቅልለው ለጎረቤት በአደራ ሰጡ፤ ጎረቤት ሽንኩርት ሥር አስቀመጠው። የቀረው ዕቃ ሄደ። ሬዲዮኑ ግን ክረምቱ ሲያልፍ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ተመለሰ። ጋሽ ዳኛቸው ከዚህ አንድ ትምህርት ወስደዋል፤ ዕቃ ከጎረቤት ጋር ከሆነ ማንም አይነካውም። ሔርሜላ ወረቀቱን አስገብታለች፤ እንግዲህ ሰዎቹ መምጣታቸው አይቀርም ብለው ደመደሙ።

በማግስቱ ቴሌቪዥኑን ለእኔ አስረከቡኝ። ራውተሩን ለእንዳሻው ሰጡት። «አደራ ነው» አሉ። አደራ ሲባል ለምን አይባልም፤ ተሸከምን። «ሪሞቱስ ጋሼ?» አላቸው እንዳሻው። የሸሚዝ ኪሳቸውን ይዘው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። «ሪሞት አደራ አይሰጥም።»

በዚያች ሰዓት «ግቡ» ከሕንፃው ጠፋ። ያን ቀን የሆነውን መርሳት አልችልም። ልጆች ወደ ግቢው ወጡ፤ አንዳንዶቹን እዚያ ሕንፃ እንደሚኖሩ ያወቅሁት ያኔ ነው። ወርቁ ኮሪደር ላይ ስልኩን ወደ ጣራ አንስቶ እንደ ባትሪ እያዞረ ሄደ። የኔፓሉ ሰው መጥቶ በእጁ የተቆረጠ ገመድ ምልክት አሳየንና ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። እንዳሻው ደግሞ ወርዶ «ጋሼ፣ ራውተሩን ሰክቼው ነበር፣ ቀይ ብቻ ነው የሚያበራው» ሲላቸው ጮኹበት።

«ሰካኸው? አደራ ይሰካል እንዴ!»

ቴሌቪዥኑ እኔ ዘንድ ሳለ በየቀኑ ይጠይቁት ነበር። እንደ ሕመምተኛ ጠያቂ ብርቱካን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ፤ ብርቱካኑን ለእኔ ሰጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ይቀመጡና ጥቁሩን መስታወት ትንሽ ያዩታል። አንድ ጊዜ መጽሐፎቼን ቀና ብለው አይተው «ይሄ ሁሉ አይጮህም፤ እንዴት ትችለዋለህ?» አሉኝ። ዛሬም አንዳንዴ ክፍሌ ዝም ሲል ይህ ጥያቄያቸው ይመጣብኛል።

ቅዳሜ ሲደርስ ማንም አይመጣም ብለው ነበር። በረንዳው ላይ ቆመው ፓርኪንጉን ሲያዩ አየኋቸው። ሰው ግን መጣ። ልማድ ነው መሰለኝ፤ ወይም ወዴት እንሂድ ብሎ ነው። ሁሉም በየቦታው ተቀመጠ፤ ሶፋው ሞላ፣ ምንጣፉ ሞላ፤ የኔፓሉ ሰው ኩባያውን ይዞ መጣ። ከዚያ ሁላችንም ፊት ለፊታችን ያለውን ግድግዳ ማየት ጀመርን። አራት የብሎን ቀዳዳ ነበረው፤ ቴሌቪዥኑ የነበረበት ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ በአራት ማዕዘን ተለይቷል። ጋሽ ዳኛቸው ሪሞቱን ይዘው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዛሬ ዋናው ዜና» አሉ፤ ቀጠሉ። የነዳጅ ዋጋ፣ የኤርፖርቱ አዲስ መንገድ፣ ወርቁ ስለ ቀየረው የመኪና መስታወት፣ ሁሉንም አነበቡልን። ወርቁ «ቻናል ይቀየርልን!» ሲል ሪሞቱን ወደ ግድግዳው አነጣጥረው ተጫኑና ስለ ኳስ ማውራት ጀመሩ።

በሩ የተንኳኳው በዚህ መሃል ነው። «ግቡ!» አልን ሁላችንም። የገባችው ሔርሜላ ናት፤ የሚፈረም ወረቀት ይዛ ነበር። ቤት ሙሉ ሰው ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ሲስቅ አይታ በር ላይ ቀረች።

«ምንድን ነው የምታዩት?»

«ዜና» አላት እንዳሻው።

«ጋሼ፣ ቲቪው የት አለ?»

«የለም» አሉ ጋሽ ዳኛቸው በኩራት።

«ምን ማለት ነው የለም? ወረቀቱ ላይ አስገብተነዋል እኮ! ሸጡት?»

«እኔ? ቲቪ ልሸጥ? በአደራ ነው ያለው።»

«በምን?»

አደራ ምን እንደሆነ፣ የአባታቸውን ሬዲዮንና ሽንኩርቱን ጨምረው አስረዷት። ሔርሜላ እየሰማች ፊቷ ተለወጠ። ወረቀቶቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ምንጣፉ ላይ፣ ልጆቹ መሃል ተቀመጠች።

«ኦ ማይ ጋድ። ጋሼ፣ ይሄ ንብረት መደበቅ ነው።»

«ከማን ደበቅሁ? ሰው ሁሉ ያውቃል!»

«ከሕጉ ነዋ! ይስሙኝ። ቲቪው አለኝ ካሉ የእርስዎ ነው፤ ማንም አይነካውም። ከደበቁት ግን ባንክራፕሲው ራሱ ሊከለከል ይችላል። የሆስፒታሉም፣ የሊሞውም ዕዳ እንዳለ ይመለስብዎታል። ለዚህ ቲቪ? ፕሊስ!»

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተና እትዬ አያልነሽ ከሌሊቱ ሥራ በኋላ ከተኙበት ተነሥተው ብቅ አሉ። «እኔ ብናገር ማን ሰምቶኝ። ሠላሳ ዓመት ይሄን ቲቪ ዝም አሰኘው ስል ኖርኩ፤ አሁን ልተኛ ስል ሕዝብ ሰብስቦ ራሱ ቲቪ ሆነ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ፣ ምን ቁጭ ትላለህ? ሂድና አምጣው!»

ቴሌቪዥኑ እንደ ሙሽራ ታጅቦ ተመለሰ። ሕፃናቱ ከፊት፣ እኔና እንዳሻው ተሸክመን መሃል፣ ወርቁ ገመዱን እንደ ቬሎ ጫፍ ይዞ ከኋላ። ራውተሩም ወረደ። ጋሽ ዳኛቸው በገዛ እጃቸው ሰኩት። «ግቡ» ሲመለስ ኮሪደሩ አጨበጨበ።

ደስታው ከመጋቢት አላለፈም። ከፍርድ ቤቱ ወገን ጉዳዩን የሚመረምረው ሰው፣ ትረስቲ የሚሉት፣ ጋሽ ዳኛቸውን ቃለ መሐላ አስገብቶ የሚጠይቅበት ቀን ተቀጠረ። ጥያቄው እንደ ዘመኑ በኢንተርኔት ቪዲዮ፣ ዙም በሚሉት ነው። ቀኑ ሊደርስ ሲል ራውተሩ ቀይ አበራ። እንዳሻው ነቀለ፣ ሰካ፣ ነፋበት። ስልክ ሲደወል ቁርጡ ታወቀ፤ ድርጅቱ የድሮውን ቢል ምክንያት አድርጎ መስመሩን ቆርጦታል። ሔርሜላ ያለችው ነው፤ ሊቆርጡም ይችላሉ።

«እኔ ቢሮ ይምጡ ጋሼ፣ አብረን እንገባለን» አለች። መልካም ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ዝም ባለበት በዚያው ሌሊት፣ ያለ ካርታ፣ ያለ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ያለ በር ማንኳኳት፣ የመጋቢቱ ትልቅ ስኖ፣ እንደ ጥጥ የሚቆለለው በረዶ፣ ወረደ። ሕንፃችን በአየር ሁኔታ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲያዝ ያ የመጀመሪያው ነው። ጠዋት መኪኖቹ የት እንደቆሙ እንኳ አይታወቅም፤ አውቶቡስ ቆሟል፤ ወደ ዴንቨር የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል። እትዬ አያልነሽ መመለሻ አጥተው ሥራ ቦታ ቀርተዋል። በየበሩ እየሄድኩ «ኢንተርኔት ያለው አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ያኔ ነው ሁላችንም የገባን። በዚያ ሁሉ ቤት ውስጥ የራሱ መስመር ያለው አንድ ሰው አልነበረም። ለምን ይኖረዋል? «ግቡ» እያለ?

ስመለስ ጋሽ ዳኛቸው ከረባታቸውን አስረው ተቀምጠዋል። ታብሌቱን የካውያ ጠረጴዛ ላይ አቁመውታል። ፊታቸው የልባቸው ሕመም ጊዜ የነበረውን ይመስላል።

«ካልቀረብኩ ምን ይላሉ?»

«ሌላ ቀጠሮ ይሰጡ ይሆናል ጋሼ።»

«የቀረ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ይላሉ። አንዴ ደብቀሃል ተብያለሁ።»

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና እንዳሻው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ገባ። ኮሜርስ ሲቲ ያለው የሚሠራበት መጋዘን በስኖው ተዘግቶ ሥራ አልሄደም። ስልኩን በብርድ ልብሱ ውስጥ እንደያዘ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ታብሌቱ፣ ማንም ሳይነካው፣ ድምፅ አሰማ።

ጋሽ ዳኛቸው ጎንበስ ብለው አዩ። «ግቡ» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ጮኹ። «ግቡ! መስመሩ መጣ! አዘኑልኝ!»

እንዳሻው ኮርኒሱን ያይ ነበር።

ትረስቲው መነጽር ያደረገ፣ የቸኮለ ሰው ነው። ሔርሜላ ከቤቷ፣ አስተርጓሚው ከሌላ ቦታ ገቡ። ጋሽ ዳኛቸው ቀኝ እጃቸውን አንስተው ማሉ። ስማቸው ተጠየቀ፤ አድራሻቸው ተጠየቀ። መሃል ላይ እንዳሻው ውሃ ሊጠጣ ወደ ማድ ቤት ሲሄድ የትረስቲው አፍ እንደተከፈተ ቀጥ ብሎ ቀረ። ጋሽ ዳኛቸው ታብሌቱን መታ መታ አደረጉት። እኔ በምልክት እንዳሻውን ጠራሁት፤ ብርድ ልብሱን እየጎተተ ሮጦ ሲመለስ ትረስቲው መናገሩን ቀጠለ። ጋሽ ዳኛቸው ታብሌቱን አዩ፤ እንዳሻውን አዩ፤ በብርድ ልብሱ ሥር የሚያበራውን ስልክ አዩ። ከረባታቸውን ብቻ አስተካከሉ።

«ያለዎትን ንብረት ሁሉ አሳውቀዋል?» አለ አስተርጓሚው።

«አዎን» አሉ። ሔርሜላ ትንፋሿን ስትለቅ በምስሉ ይታያል። እሳቸው ግን ምለዋል። «ቲቪዬ ጥቂት ቀን ጎረቤት ዘንድ በአደራ ነበር። አሁን ቤቱ ገብቷል። ሰው ይጠይቁ፣ እዚሁ ናቸው።»

ሔርሜላ ዓይኖቿን ሸፈነች። አስተርጓሚው «አደራ»ን ለማስረዳት ብዙ ቃል ፈጀ። ትረስቲው መነጽሩን አውልቆ «ዋጋው ምን ያህል ይሆናል?» አለ።

«ጠበቃዬ ማንም አይፈልገውም ብላለች» አሉ ጋሽ ዳኛቸው፣ አሁንም እንደቆጫቸው።

ትረስቲው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ወረቀቱ ላይ መኖሩን አየ፤ ከዚህ ሌላ ጥያቄ የለኝም ብሎ አሰናበታቸው። ሁሉም ነገር አንድ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልወሰደም። «ለዚህ ነው ከረባት ያሰርኩት?» አሉ።

ታብሌቱ ከጠፋ በኋላ ወደ እንዳሻው ዞሩ።

«ከስልክህ ነው?»

«ሆትስፖት ነው ጋሼ፣ የስልኬን ዳታ ነው ያከፋፈልኩት። ስሙን «ግቡ» አልኩት። ታብሌቱ ስሙንና ፓስወርዱን ስለሚያውቅ ዝም ብሎ ገባ።»

«ፓስወርዱስ?»

«ታርጋዋ ነዋ።»

«አልረሳሃትም?»

«ማን ይረሳታል ጋሼ?»

ወደ መስኮቱ ዞር ብለው ስኖውን ብዙ አዩት።

ከወራት በኋላ ዕዳው ተሰረዘላቸው፤ ዲፖዚት አስይዘውም መስመሩ ተመለሰ። ያስያዘው ማን ነው ለሚል እትዬ አያልነሽ «ሕንፃው» ይላሉ። እኔ አሁን እንግልውድ ነው የምኖረው። የራሴ መስመር አለኝ፤ ስሙ ድርጅቱ የሰጠው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው፣ ፓስወርዱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፣ የሚያንኳኳም የለም። ፈጣን ነው። ግንቦት ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ሳላስበው ጆሮዬን ወደ በሩ እጥላለሁ። አንዳንድ ቅዳሜ ወደ ኦሮራ ስሄድ የድሮው ፓርኪንግ ላይ መኪናዬን ገና ሳላጠፋ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። እኔን ሳትጠይቅ «ግቡ» ገብታለች።

ያን የስኖ ጠዋት ግን እንዳሻው ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘላቸው። የአየር ሁኔታው ካርታ መጣ፤ የምናውቀውን ስኖ ዘግይቶ ነገረን። ሰው አንድ በአንድ ገባ፤ ወርቁም፣ የኔፓሉም ሰው ከኩባያው ጋር። ጋሽ ዳኛቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው «ነግሬያችሁ ነበር ለማለት እንኳ አልቻልኩም» ብለው ጀመሩ፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን አልጨረሱትም። ዘወር ስንል ከረባታቸው ወደ ጎን ሄዷል፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ አርፏል። ከዚያ በግድግዳ ማዶ ያን ሁሉ ጊዜ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ተሰማ። አንኮራፉ።

ማንም አልተነቃነቀም። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተና እትዬ አያልነሽ ገቡ፤ የሥራ ባልደረባቸው በከባድ መኪና አድርሷቸው ጫማቸው በስኖ ነጭ ሆኗል። ባላቸውን አዩ። እጃቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ። እንዳሻው እንቅልፋቸው እንዳይረበሽ ብሎ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ በጣቶቹ ጫፍ ሲራመድ እትዬ አያልነሽ ክንዱን ያዙት።

«ተወው» አሉ በሹክሹክታ። «ሰው እያየው ነው።»

ካርታው ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር።